በስምንት ሳምንት ግልገል ላይ የሮዜት ዋጋ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የቤንጋል ድመት መሸጫ ሲገመገም

ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ነጠብጣብ ዘር ድመቶችን እያራባ የሚሸጥ ቤት አለ። የሚይዘው በብዛት ቤንጋል ነው፤ አልፎ አልፎ «ግብፃዊ ማው» እያለ የሚያቀርባቸውም አሉ። የቤቱን ስም አንጠቅስም። የምንነቅፈው አሠራር የእሱ ብቻ ሳይሆን በመሃል ከተማው የድመት ገበያ የተለመደ ስለሆነ፣ አንዱን ነጥሎ ማሳጣት ተገቢ አይመስለንም። ፍርዳችንን ግን ከወዲሁ እንናገር፦ በእንስሳት አያያዝ ጎበዝ ቤት ነው፤ በቀለም ዋጋ አወጣጥ ግን ገዢን ይጎዳል። ለአያያዙ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለወረቀቱ ሦስት፣ ለዋጋ አወጣጡ አንድ ተኩል ሰጥተነዋል።

ጥሩውን እናስቀድም። ክፍሉ ንፁህ ነው፣ የአሸዋው ሳጥን አይሸትም፣ እናትየዋ ከግልገሎቿ ጋር ናት። እጁን ሳይታጠብ ግልገል የሚያነሳ ደንበኛ የለም። የክትባት ደብተር ከነቀኑና ከነማኅተሙ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ የምናደንቀው ደግሞ 12 ሳምንት ያልሞላት ግልገል አለማስረከቡን ነው። ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው ነጥለው የሚሸጡ በበዙበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዋጋው ላይ ነው። ግልገሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ፦ ባለ ሮዜት ከላይ፣ ባለ ነጠላ ነጠብጣብ መሃል፣ ማርብል ከታች። ሮዜት የሚባለው መካከሉ ፈካ ብሎ ዙሪያው በጥቁር የተከበበ ነጠብጣብ ነው። ማርብል ደግሞ ነጠብጣብ ሳይሆን የተጠማዘዘ ሰፋፊ መስመር ያለው ነው። ቀለሙ ሲልቨር (ብርማ) ወይም ስኖው (ነጣ ያለ) ከተባለ በላዩ ጭማሪ አለ። ቀብድ የሚያዘው በቴሌግራም በሚለቀቅ ፎቶ ነው፤ ቀብዱም አይመለስም። ስምንተኛው ሳምንት ደግሞ ከቤንጋል ዕድሜ ሁሉ ንድፉ በጣም የሚደበቅበት ጊዜ ነው። ገዢው የሚከፍለው ገና ላልታየ ነገር ነው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ንድፉ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጠብጣብ የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው ግልገሏ ገና በማህፀን ሳለች፣ ፀጉር ከመብቀሉ ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ቆዳዋ በቦታ በቦታ ወፈር፣ በቦታ በቦታ ቀጠን ይላል። የወፈረው ቦታ ኋላ ጥቁሩን ፀጉር ያበቅላል፤ የቀጠነው መደቡን፣ ማለትም ከነጠብጣቡ መካከል የሚታየውን ፈካ ያለ ቀለም። ዲኬኬ4 የተባለው ጂን በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ድርሻ የገለጠው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። መስመሩ ቀጭንና ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ እንደ ማርብል የተጠማዘዘ፣ ይህን የሚወስነው ሌላ ጂን ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታውቋል። ቀጭኑ መስመር ተቆራርጦ ነጠብጣብ እንዲሆን፣ ነጠብጣቡም ሰፍቶ ሮዜት እንዲሆን የሚያደርገው ግን አንድ ጂን አይደለም። ብዙ ትንንሽ ተጽዕኖዎች ተደምረው፣ በትውልድ ምርጫ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ይቺ ሮዜት ትሆናለች» የሚል የላብራቶሪ ወረቀት ማንም ሊያሳያችሁ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ለገዢ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ግልገሏ ይዛው የተወለደችው የነጠብጣብ አቀማመጥ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። አዲስ ነጠብጣብ አይበቅልም፤ ያለውም ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። የሚለወጠው ሌላው ነው። ቆዳው ሲሰፋ ነጠብጣቡ አብሮ ይሰፋል፣ መካከሉ ፈካ ይላል፣ መደቡ ወደ ቀይ ሞቅ ይላል ወይም ወደ ግራጫ ይቀዘቅዛል፣ የሚሸፍነው ፀጉር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሻጭ «ነጠብጣቡ ሲያድግ ይበዛል» ካላችሁ ልክ አይደለም። «ሮዜቱ ይከፈታል» ካላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከየትኛው ነጠብጣብ እንደሆነ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዕድሜው እንምጣ። ከልደት እስከ ሁለተኛው ሳምንት ፀጉሩ አጭርና የተኛ ስለሆነ ንድፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ረዘም ያሉ ግራጫና ነጫጭ ፀጉሮች እየወጡ ንድፉን ይሸፍኑታል። አርቢዎች ይህን ወቅት ፈዚ ይሉታል። በስምንተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ግልገሏ አመድ ላይ የተንከባለለች ትመስላለች፤ የነጠብጣቡ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ መደቡም ሙቀቱን ያጣል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠራ ይጀምራል። በአንዳንድ የዘር ሐረግ ግን እስከ ስድስትና ስምንት ወር ይቆያል። የአዋቂ ፀጉሯን በአንድ ዓመቷ ገደማ ትይዛለች፤ የመደቡ ቀይነት ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ መጨመሩን ሊቀጥል ይችላል። ቆይታው ከዘር ዘር፣ ከእናት እናት ይለያያል። እናትየዋ ራሷ ፈዚዋን በስንት ወሯ እንደጨረሰች የሚያውቅ አርቢ ካገኛችሁ፣ ቃሉ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ይህ ቤት የሚለቃቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የሁለትና የሦስት ሳምንት ናቸው፤ ደንበኛው ግን ግልገሏን የሚያያት በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ከዚህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል። አንዱ ደንበኛ በፎቶው ተማርኮ ቀብድ ይከፍልና፣ ሲመጣ የተደበዘዘችውን አይቶ «ቀይራችሁብኛል» ብሎ ይጣላል። ሌላው ደግሞ በፈዚ ውስጥ ያለችውን ጥሩ ግልገል ትቶ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ስላላት ብቻ ጥርት ብላ የምትታየውን በከፍተኛ ዋጋ ይወስዳል።

መፍትሔው ከነጠብጣቡ ራሱ ይገኛል። ቦታውን ስለማይለቅ የግልገሏ ጎን መታወቂያዋ ነው። ሻጩን ሦስት ፎቶ ጠይቁት፦ የአሥር ቀን፣ የአምስት ሳምንትና የዕለቱ። የግራና የቀኝ ጎን ንድፍ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሁለቱም ጎን ይኑር። ከዚያ ከትከሻው ጀርባ፣ ከጎድኑ መጨረሻና ከታፋው ላይ ለየት ያለ ነጠብጣብ አንድ አንድ ምረጡ፤ ጥንድ ሆነው የተጣበቁ፣ በአንድ ወገን የተከፈተ፣ ሦስት ማዕዘን የሆነ። የአሥር ቀኗ ላይ ያያችሁት ከዛሬዋ ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ መገኘት አለበት። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከጠፋ ሌላ ግልገል ናት። ጅራቷ ላይና እግሯ ላይ ባለው መስመር አትተማመኑ፤ በወንድማማቾች መካከል በጣም ይመሳሰላል።

ለማየት ስትሄዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። የቤቱ አምፖል ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ስለሆነ ቡኒውን ሁሉ ወርቃማ፣ ሲልቨሩን ሁሉ የቆሸሸ ያስመስላል። ግልገሏን ወደ መስኮቱ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ አይሉም። ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ በደንብ የጨመቃችሁትን ንፁህ ጨርቅ ከትከሻዋ ወደ ታፋዋ አንዴ ወይም ሁለቴ አሳልፉበት። ፈዚው ሲተኛ ከሥር ያለው ንድፍ ለጥቂት ጊዜ ይወጣል። ወዲያው በደረቅ ፎጣ አድርቋት፤ የአዲስ አበባ ብርድ ለግልገል ቀላል አይደለም። ከዚያ ፈዚ ወደሚሳሳባቸው ቦታዎች ተመልከቱ፦ ፊት፣ ክርን፣ የእግር ውስጠኛ ክፍልና ሆድ። እዚያ ጥቁሩ ጥቁር፣ መደቡም ጥርት ያለ ከሆነ፣ ጎኗም ሲጠራ ይህንኑ ይመስላል። እዚያም ከደበዘዘ ግን ፈዚው ቢሄድም ብዙ አትጠብቁ።

የንድፉን ጥራት በተመለከተ የምናያቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሆድ ላይ ነጠብጣብ መኖር አለበት፤ ባዶ ሆድ ያላት ቤንጋል በውድድር ትጣላለች። በቡኒ ቤንጋል የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። አንገት፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ የተነጠለ ነጭ ፀጉር ያለበት ቦታ ካለ፣ ለቤት ድመትነት ምንም ባይጎዳም ለውድድርና ለርባታ ዋጋ ያሳጣል። ይህ ደግሞ በፈዚ ወቅት በቀላሉ ያመልጣል፤ ጣታችሁን አስገብታችሁ ፀጉሩን ከፈል አድርጉ። የነጠብጣቡ አካሄድ ከትከሻ ወደ ታፋ የተዘረጋ ቢሆን ይመረጣል። ከጀርባ ወደ ሆድ ቁልቁል የወረደ፣ ተያይዞ የተወለደ መስመር ካለ፣ በአብዛኛው ኋላ ተበጥሶ ነጠብጣብ አይሆንም። ሮዜት የመሆን ዕድል ያለው በአሥር ቀን ፎቶ ላይ ሰፋ ብሎ መካከሉ በጥቂቱም ቢሆን ቀላ ያለው ነው። ጠባብና ድፍን ጥቁር የሆነው ድፍን ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ነውር የለበትም፣ ዋጋው ብቻ በዚያው ልክ ይሁን።

የቀለሙን ጭማሪ በተመለከተ ሲልቨር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ቤት ከሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲልቨር የሚመጣው ቢጫና ቀይ የሚሰጠውን የፀጉር ቀለም ከሚያግድ ጂን ነው፤ ለዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሲልቨር ግልገል ቢያንስ አንድ ሲልቨር ወላጅ ሊኖራት ግድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ቡኒ ከሆኑ ሲልቨር አይወለድም። በፈዚ ወቅት ግን ቡኒዋም ግራጫ ስለምትመስል «ሲልቨር» ተብላ ከነጭማሪዋ ትቀርባለች። መለየት ቀላል ነው። በመስኮት ብርሃን፣ ከትከሻዋ በላይ ባለው ጀርባ ላይ ፀጉሯን በሁለት ጣት ክፈሉት። ከቆዳው ጀምሮ ነጭ ከሆነ ሲልቨር ናት። ከሥሩ ግራጫ ሆኖ መካከሉ ላይ ቢጫማ ወይም ቡኒማ ቀለበት ካለበት ቡኒ ናት፤ ፈዚው ሲሄድ መደቧ ይሞቃል። እውነተኛ ሲልቨርም ብትሆን ዋስትና የለውም፤ አፍንጫዋ ላይ፣ እግሯ ላይና ጀርባዋ ላይ ቢጫማ ጥላ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሲልቨሩን ወላጅ በአዋቂነቱ፣ በቀን ብርሃን ሳያዩ ጭማሪውን መክፈል ትክክል አይደለም።

ስኖው ሦስት ዓይነት ነው፤ ቤቱ ግን ሦስቱንም «ነጭ ቤንጋል» እያለ በአንድ ዋጋ ያቀርባቸዋል። ሊንክስ የምትባለው ከሁለቱም ወላጆች ሲያሜዝ የተባለውን የድመት ዝርያ ጂን የወሰደች ናት፤ ዓይኗ ዕድሜ ልኳን ሰማያዊ ነው፤ ስትወለድ ነጭ ልትመስል ትችላለች፣ ንድፏም ቀስ ብሎ ይወጣል። ሴፒያ ከሁለቱም ወላጆች በርሚዝ የተባለውን ዝርያ ጂን የወሰደች፣ ሚንክ ደግሞ ከአንዱ የሲያሜዝን፣ ከሌላው የበርሚዝን ያገኘች ናቸው፤ ሁለቱም ንድፋቸው እየታየ ይወለዳሉ። የስምንት ሳምንት ሊንክስ ላይ የሮዜት ደረጃ ማውጣት ፈጽሞ አይቻልም።

ለእኛ ከተማ የሚለይ ነገርም አለ። በስኖው ውስጥ ቀለም የሚሠራው ንጥረ ነገር በሞቀ ቆዳ ላይ ይደክማል፣ በቀዘቀዘ ቆዳ ላይ ይበረታል። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጅራት የሚጠቁሩት ለዚህ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች አዲስ አበባ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሲሚንቶ ላይ የምታድር ስኖው፣ ምንጣፍ ላይ ከምትተኛ እህቷ ጠቆር ብትል አትደነቁ። ለማምከን ቀዶ ጥገና የተላጨው ቦታም ጠቁሮ ሊበቅል ይችላል፤ ፀጉሯን ስትቀይር ይመለሳል። የስኖውን ዓይነት በጉንጭ ናሙና የሚለይ ምርመራ አለ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ዘረመል ላብራቶሪ ይሠራዋል። ናሙናው ሲወሰድ ግልገሏ የእናቷን ጡት ወዲያው ጠብታ የጨረሰች መሆን የለባትም፤ የእናትየዋ ህዋስ ከምራቋ ጋር ይቀላቀላል።

ቻርኮል የሚሉት፣ ፊቱ ጠቁሮ ጀርባው ላይ ጥቁር ካባ የደረበ የሚመስለው፣ ቤንጋል ከተዳቀለችበት የዱር ድመት የመጣ የአንድ ጂን ዓይነትና ጥቁር የሚያደርገው ዓይነት ሲገናኙ የሚወጣ ነው። ገና በግልገልነቱ ይታያል፤ በዚህ ላይ ቤቱ አይሳሳትም። ከሁለት ቻርኮል ወላጆች ሙሉ ጥቁር ግልገል ሊወለድ እንደሚችል ግን ለርባታ የሚገዙ ይወቁ። ማርብልም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ነጠብጣባም ወላጆች የማርብሉን ጂን ደብቀው ከያዙ በአማካይ ከአራት ግልገል አንዱ ማርብል ይሆናል፤ አርቢው አላታለላችሁም።

ሻጩ ደንበኛ ሲያመነታ የሚናገራት አንዲት ነገር አለች፦ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ኤፍ ሦስት ናት፤ የዱሩ ደም ስላላት ነው ሮዜቷ እንዲህ ያማረው።» ይህን እንቃወማለን። ቤንጋል የመጣችው ከእስያ ነብርማ የዱር ድመትና ከቤት ድመት መዳቀል ነው። ጂን ሚል የተባለችው አሜሪካዊት አርቢ የመጀመሪያ ድቅሏን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አግኝታ፣ በ1980ዎቹ ሥራውን አጠናክራ ቀጥላለች፤ ቲካ የተባለው ዓለም አቀፍ የድመት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1986 ዝርያውን ተቀብሏል። ኤፍ አንድ ማለት የዱር ድመቷ ልጅ፣ ኤፍ ሦስት የልጅ ልጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የቤንጋል ነብር መሰል መልክ በአብዛኛው የመጣው ከቤት ድመቶች ጂን በምርጫ መሆኑን አሳይቷል፤ በፀሐይ የሚያብረቀርቀው ፀጉር እንኳ ከዱር ድመቷ አልመጣም። የዱሩ ደም የበዛባት ግልገል የተሻለ ሮዜት አላት ማለት ስህተት ነው፤ ይልቁንም ጠባይዋ ለቤት ይከብዳል፣ ወንድ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ አይወልድም።

«ግብፃዊ ማው» ተብለው ከሚቀርቡት አብዛኞቹ ወረቀት የላቸውም፤ እኛ ብንሆን ያለ ወረቀት በማው ዋጋ አንገዛም። ማው ነጠብጣቧ ድፍንና የተበታተነ ነው፤ ሮዜት ያላት ማው ከቀረበችላችሁ ጠይቁ። ለውድድር የምትቀበለው በሲልቨር፣ በብሮንዝና በስሞክ ነው። ዓይኗ አረንጓዴ ነው፤ ሙሉ አረንጓዴ የሚሆነው ግን እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነውና፣ የሦስት ወር ግልገል ዓይኗ ቢጫማ ስለሆነ ብቻ አትጣሏት።

እዚሁ ላይ የእኛዎቹን የሰፈር ድመቶች ማንሳት ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ መንደሮች መስመራቸው ተቆራርጦ ነጠብጣብ የሆነ ድመቶች ሞልተዋል። ቆንጆዎችና ጤነኞች ናቸው፤ ግን «ቤንጋል ድቅል» ተብለው በብዙ ሺህ ብር ሲሸጡ ማየት ያሳዝናል። ግንባር ላይ ያለው ምልክት፣ የጅራት ቀለበትና የጅራቱ ጥቁር ጫፍ ማንኛዋም ባለ መስመር ድመት ላይ ስላሉ ማስረጃ አይሆኑም። በስማችን የምትጠራው አቢሲኒያን ድመት ደግሞ ተቃራኒውን ታሳያለች፦ ንድፏን በሙሉ የሚሸፍን ጂን ስላላት ነጠብጣብም መስመርም ጎኗ ላይ አይታይም። ይህ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖርም ስለሚሠራ፣ ከእሷ ጋር የተዳቀለች ቤንጋል የመጀመሪያ ግልገሎቿ ጎናቸው ንድፍ አልባ ይሆናል። ከሥር የተደበቀው ግን አይጠፋም። ኦሲካት የተባለችው ባለ ነጠብጣብ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የተገኘችው አቢሲኒያንና ሲያሜዝ ከተዳቀሉ በኋላ ሳይታሰብ ነጠብጣባም ግልገል ስለተወለደ ነው።

ግልገሏ ቤት ከገባች በኋላ ቀለሟን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቤቱ ስለ ሁለቱም ለገዢ አይነግርም። አንደኛው ምግብ ነው። ጥቁሩ የፀጉር ቀለም የሚሠራው ከሥጋ ፕሮቲን በሚገኙ ፌኒላላኒንና ታይሮሲን በተባሉ አሚኖ አሲዶች ነው። ሲያንሱ ጥቁሩ ነጠብጣብ ወደ ዝገት ቀይነት ይሄዳል። በጾም ወቅት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከቤተሰቡ ማዕድ ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚሰጣት ድመት ላይ ይህ ሊመጣ ይችላል፤ ከቀለሙም በላይ ታውሪን የተባለውን ከሥጋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ስታጣ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ድመት አትጾምም። ሥጋዋን፣ እንቁላሏን ወይም የተሟላ የድመት ምግቧን ስታገኝ አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ጥቁርነቱን ይመልሳል፤ የቀላው ግን እስኪረግፍ ይቆያል።

ሁለተኛው ጭርት ነው። ፈዚ ሲለቅ ፀጉሩ ይሳሳል እንጂ ቆዳው አይራቆትም። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከዓይኗ በላይ ወይም ከመዳፏ ላይ ክብ የተራቆተ፣ ፎረፎር ያለበት ቦታ ካያችሁ «ፀጉሯን እየቀየረች ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። በሐምራዊ መብራት የሚያበራው የጭርት ዓይነት የተወሰነው ብቻ ስለሆነ፣ መብራቱ ባያሳይም የእንስሳት ሐኪም የፀጉር ናሙና ይውሰድ። ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሳይጣራ ግልገል አይግባ።

ወረቀቱን በተመለከተ ቤቱ የወላጆቹን የቲካ የዘር ሐረግ ቅጂ ያሳያል፤ ይህ ይመሰገናል። የግልገሏን የራሷን ምዝገባ ግን ብዙ ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ይላል። ኤስቢቲ በሚሉት ፊደላት የሚጀምረው ቁጥር ያላት ቤንጋል ከዱር ድመቷ ቢያንስ አራት ትውልድ የራቀች ናት፤ ሻጩ «ኤፍ ሦስት» እያለ ወረቀቱ ኤስቢቲ ካለ አንዱ ልክ አይደለም። በወረቀቱ ላይ የወላጆቹ ቀለም ተጽፏልና የሲልቨሩን ጥያቄ እዚያው ትጨርሱታላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ፦ በምዝገባው ላይ የሚጻፈው ነጠብጣባም ወይም ማርብል ነው። ሮዜት የሚባል የምዝገባ ቀለም የለም። ከፍተኛው የዋጋ እርከን የተሰቀለው ወረቀት በማያውቀው ነገር ላይ ነው።

ከዚህ ቤት ለመግዛት ለወሰነ ሰው፣ ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ውል ላይ እንዲገቡ የምንመክረው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ቀብዱ ለሁሉም ግልገል እኩል ይሁን፤ የሚይዘውም ተራን እንጂ ደረጃን አይሁን። የሮዜቱ ዋጋ የሚቆረጠው በ16ኛው ሳምንት፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ይሁን። ቤቱ በ12 ሳምንት የሚያስረክብ ስለሆነ፣ ቀሪው አንድ ወር ግልገሏ በገዢው እጅ ሆና ልዩነቱ ኋላ ሊከፈል ይችላል። የአሥር ቀኗ ፎቶ በሁለቱም ጎን ታትሞ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ለሲልቨር ጭማሪ የሲልቨሩ ወላጅ ምዝገባ ቅጂ ይቅረብ። ለስኖው ጭማሪ የጉንጭ ናሙናው ውጤት ይጠበቅ፤ ውጤቱ ሌላ ከሆነ ጭማሪው ይመለስ። በዚያው ናሙና የቀይ ደም ሴልን የሚያጠፋውንና ዓይን የሚያሳውረውን፣ በቤንጋል የታወቁ ሁለት የዘር በሽታዎች ማስመርመር ስለሚቻል፣ የምርመራውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተስማሙ።